በዚንክ ድንጋይ ውስጥ ያሉት አረንጓዴ መስመሮች ከየት መጡ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኒው ጀርሲ ነው። ባለፈው ሰመር ከልጆቼ ጋር ኦግደንስበርግ የሚገኘውን የስተርሊንግ ሂል የማዕድን ሙዚየም ጎብኝተን ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ገዝተን መጣን። ጥቁር ጥራጥሬ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ ነጭና ቡናማ ነገር አለበት። አጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት መብራት ስናበራበት ነጩ ቀይ ሆኖ፣ ሌላው ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የገረመን ግን ቡናማው ነው። እሱ ራሱ አያበራም። ውስጡ ግን በምላጭ የተሰመሩ የሚመስሉ ትይዩ አረንጓዴ መስመሮች አሉት። ልጄ ‹ማን ሠራቸው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። እነዚህ ማዕድናት ምንድን ናቸው? መስመሮቹስ? አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ ሰላም ለእርስዎና ለልጆችዎ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የወደድኩት የልጅዎን ነውና ከእሱ ልጀምር። መስመሮቹን የሠራቸው መቀዝቀዝ ነው። ድንጋዩ በጣም ሞቃት በነበረበት ጊዜ አንድ የነበረው ማዕድን፣ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሆነ። ባለሙያዎች ይህን ኤክሶሉሽን ይሉታል። ለእኔ በድንጋይዎ ላይ ካለው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እሱን በሰፊው እናየዋለን፤ መጀመሪያ ግን እጅዎ ላይ ካሉት ማዕድናት ጋር እንተዋወቅ።

ጥቁሩ ፍራንክሊናይት ነው። የዚንክ፣ የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው። ጠንከር ያለ ማግኔት ቢያስጠጉት በትንሹ ይሳባል። ቀዩ ዚንካይት ነው፤ ዚንክ ኦክሳይድ ማለት ነው። ንጹሕ ዚንክ ኦክሳይድ ነጭ ነው። ይህን ቀይ ያደረገው ውስጡ የገባው ጥቂት ማንጋኒዝ ነው። አርኪባልድ ብሩስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና የማዕድን ተመራማሪ ስለዚህ ቀይ ድንጋይ የጻፈው በ1810 ነበር። ነጩ ካልሳይት ነው፤ እብነ በረድ የሚሠራበት ማለት ነው። አረንጓዴ የሚያበራው ዊለማይት ይባላል፤ ዚንክ ሲሊኬት ነው፤ ዚንክ ከሲሊኮንና ከኦክስጅን ጋር የተጣመረበት ማለት ነው። ዊለማይትን በቀን ብርሃን በቀለሙ ለመለየት አይድከሙ። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ቀይ ቡናማ ወይም ቀለም አልባ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ነው የሚለየው።

ቡናማው፣ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት፣ ቴፍሮአይት ነው። የማንጋኒዝ ሲሊኬት ነው። መስመሮቹ ደግሞ ዊለማይት ናቸው።

ዚንካይት ለመግዛት ካሰቡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ገበያ ላይ ትልልቅ፣ ጥርት ያሉ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ አረንጓዴ የዚንካይት ክሪስታሎች ያገኛሉ። ያምራሉ። ግን አብዛኞቹ ፖላንድ ውስጥ በዚንክ ማቅለጫ ምድጃዎች ውስጥ የበቀሉ ናቸው፤ ከመሬት የወጡ አይደሉም። የኒው ጀርሲው ዚንካይት እንደ እርስዎ ድንጋይ ነው፦ በካልሳይትና በፍራንክሊናይት መሃል የተሰገሰገ ቀይ ጥራጥሬ። በራሱ ቅርጽ የቆመ ክሪስታል እዚያ ብርቅ ነው።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ስተርሊንግ ሂልና ጎረቤቱ ፍራንክሊን ሰሴክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፍራንክሊን ማዕድን ማውጫ በ1954፣ የስተርሊንግ ሂል ደግሞ በ1986 ተዘጋ። ከሁለቱ በድምሩ ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ የማዕድን ድንጋይ ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ ሃያ በመቶ ገደማው ዚንክ ነበር፤ ይህ በጣም ሀብታም ድንጋይ ነው። በሁለቱ ቦታዎች ከ350 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ወደ 90 የሚጠጉት በአልትራቫዮሌት ያበራሉ። በአንድ ትንሽ አካባቢ ይህን ያህል ዓይነት ማግኘት በዓለም ላይ እምብዛም አይታይም።

ለምን እዚህ ሆነ? መልሱ ያለው በሌለው ነገር ውስጥ ነው። ድኝ የለም። በዓለም ላይ አብዛኛው ዚንክ የሚወጣው ስፋለራይት ከሚባል ማዕድን ነው፤ እሱም ዚንክና ድኝ ነው። ድኝ ባለበት ዚንክ ወዲያው ከእሱ ጋር ይጣመርና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ፍራንክሊንና ስተርሊንግ ሂል ላይ ግን ከማዕድኑ ውስጥ ድኝ የለም ማለት ይቻላል። ዚንኩ ከኦክስጅን፣ ከሲሊኮን፣ ከብረት፣ ከማንጋኒዝ ጋር መጣመር ነበረበት። የማዕድኑ ዓይነት የበዛው ለዚህ ነው።

ድኝ አልባው ዚንክ እዚያ እንዴት ተከማቸ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ብዙዎች የሚቀበሉት ሐሳብ እንዲህ ነው። ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ የተሸከመ ሞቃት ጨዋማ ውሃ በባሕር ወለል ላይ ፈልቆ ከኖራ ደለል ጋር ተከማቸ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ለዚህ ምሳሌ የሚፈልጉት ከእኛ አካባቢ ነው። በቀይ ባሕር፣ በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል፣ 2,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አትላንቲስ ሁለት የሚባል ጎድጓዳ ስፍራ አለ። እዚያ ዛሬም ሞቃት ጨዋማ ውሃ ይፈልቃል። ደለሉ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና መዳብ አለው። ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ በቀይ ባሕሩ ደለል ውስጥ ድኝ ያላቸው ማዕድናትም አሉ። ቢሆንም ብረታ ብረት በባሕር ወለል ላይ በንብርብር እንዴት እንደሚከማች ያሳያል።

ከዚያ በኋላ አህጉሮች ተጋጩ። ግሬንቪል በሚባለው የተራራ ግንባታ ዘመን፣ ከዛሬ 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ያ ደለል በጥልቅ ተቀብሮ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቀ። ኖራው እብነ በረድ ሆነ። ዚንክ ያለበት ንብርብር አልቀለጠም። ጠጣር እንደሆነ እንደገና ክሪስታል ሠራ።

ይህን በድንጋይዎ ላይ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ጥቁሩን ጥራጥሬ ይመልከቱ፤ ክብ ክብ ነው። ብዙ ጎብኚ ወንዝ ያንከባለለው ይመስለዋል። አይደለም። በዚያ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጥራጥሬ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበትን ገጽ ለመቀነስ ይሞክራል። ሹል ማዕዘን እየለዘበ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ላይ አሁንም ስምንት ገጽ ያለው የፍራንክሊናይት ቅርጽ ይታያል፤ ጠርዙ ብቻ ደንዝዟል። ካልሳይቱን ደግሞ በማጉያ ሌንስ ይዩት። ሦስት ጥራጥሬዎች በአንድ ነጥብ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ማዕዘኖቹ ወደ 120 ዲግሪ ይጠጋሉ። እንዲህ ያለ ገጽታ የሚገኘው ድንጋዩ በጣም ሞቆ፣ ለመረጋጋትም በቂ ጊዜ ሲያገኝ ነው።

አሁን ወደ መስመሮቹ።

ፈልቶ የወረደ ውሃ ብዙ ስኳር ያሟሟል። ሲቀዘቅዝ ግን ያን ሁሉ መያዝ ስለማይችል ትርፉ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። ጠጣር ማዕድንም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ አንዳችም ፈሳሽ አለመኖሩ ነው። ቴፍሮአይት ውስጥ እያንዳንዱ ማንጋኒዝ በ6 ኦክስጅን ተከብቦ ይቀመጣል። ዚንክ ደግሞ በ4 መከበብ ይመርጣል፤ ዊለማይት ውስጥ የሚያገኘውም ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ በላይ ሲሆን አቶሞቹ በኃይል ይርገበገባሉ፣ ክሪስታሉም ላላ ይላል። ስለዚህ የተወሰነ ዚንክ በማንጋኒዝ ቦታ ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ሙቀቱ ሲወርድ ቦታው አይመቸውም። ዚንኩ በክሪስታሉ ውስጥ ቀስ እያለ ይጓዝና ከሌሎች ዚንኮች ጋር ይሰበሰባል። በዚያ ቦታ ዊለማይት ይወለዳል።

የሚወለደው እንደ ነጠብጣብ ሆኖ በዘፈቀደ አይደለም። በአዲሱ ክሪስታልና በአሮጌው መካከል ያለው ድንበር የአቶሞቹ አደራደር በተሻለ በሚገጥምበት አቅጣጫ ይዘረጋል። በሌላ አቅጣጫ መዘርጋት ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ለዚህ ነው መስመሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉት። እንዲያውም መስመር አይደሉም፤ በጣም ስስ ንጣፎች ናቸው። ድንጋዩ የተሰበረበት ፊት ንጣፉን በጎን ስለሚቆርጠው መስመር ይመስላል። ድንጋዩን አገላብጠው ሌላ የተሰበረ ፊት ላይ ቢያዩ፣ እዚያ ሰፊ አረንጓዴ ጥፍጥፍ መስሎ ሊታይዎት ይችላል።

ውፍረታቸውም ይናገራል። ድንጋዩ ቶሎ ቀዝቅዞ ቢሆን ዚንኩ ለመጓዝ ጊዜ አያገኝም ነበር። ወይ እዚያው ታስሮ ይቀር ነበር፣ ወይ ንጣፎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ይሆኑ ነበር። በባዶ ዓይን መታየታቸው ድንጋዩ በተራራ ሥር ሆኖ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እንደቀዘቀዘ ይነግረናል።

ተመሳሳይ ነገር በጥቁሩ ፍራንክሊናይት ውስጥም ይደረጋል። ያንን ግን ቤትዎ ሆነው አያዩትም። ድንጋዩ ተቆርጦ እንደ መስታወት ተወልውሎ በሚያንጸባርቅ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በነጣ ባለው ፍራንክሊናይት ውስጥ ጠቆር ያሉ የጋህናይት ንጣፎች ይወጣሉ። ጋህናይት የዚንክና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በከፍተኛ ሙቀት ይቀላቀላሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይለያያሉ። በየትኛው ሙቀት ላይ ምን ያህል እንደሚቀላቀሉ በቤተ ሙከራ ምድጃ ተለክቷል። ስለዚህ ከስተርሊንግ ሂል በመጣ ጥራጥሬ ውስጥ የሁለቱን መጠን ሲለኩ፣ ድንጋዩ መለያየት የጀመረበትን ሙቀት ማስላት ይቻላል። ከ700 ዲግሪ በላይ የሚለው ቁጥር ከዚህም ይመጣል፤ በዙሪያው ካሉት አለቶች ከሚገኘው ግምትም ጋር ይስማማል። አንድ ጥቁር ቅንጣት ይህን ሁሉ ይዞ መቆየቱ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል። ብዙ ሰብሳቢዎች የብርቅ ማዕድን ስም ብቻ ሲያሳድዱ፣ መሳቢያቸው ውስጥ ያለው ተራ ጥቁር ድንጋይ ከስሙ በላይ የሚነግረው እንዳለ አያስተውሉም።

አሁን ደግሞ አንድ እንቆቅልሽ እንፍታ። ዊለማይት አረንጓዴ የሚያበራው በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ነው። ታዲያ ቴፍሮአይት ማንጋኒዝ የሞላበት ሆኖ ሳለ ለምን አያበራም? ማብራት የሚፈልገው ጥቂት ማንጋኒዝ ስለሆነ ነው። ከአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል የተቀበለ ማንጋኒዝ ብቻውን ሲሆን ኃይሉን በብርሃን መልክ ይመልሰዋል። ጎን ለጎን ሲታጨቅ ግን ኃይሉን እርስ በርስ ይቀባበላል፣ በመንገድም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ብረት ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ያጠፋዋል። ዚንክ ወደ ንጣፎቹ ሲሰበሰብ ጥቂት ማንጋኒዝ ብቻ ይዞ ሄደ። ጨለማው ቴፍሮአይት ውስጥ ብርሃን ያላቸው መስመሮች የታዩዎት በዚህ ምክንያት ነው።

የነጩ ካልሳይት ቀይ ብርሃንም ከማንጋኒዝ ነው። በዊለማይት ውስጥ በ4 ኦክስጅን የተከበበ ማንጋኒዝ አረንጓዴ ይሰጣል፤ በካልሳይት ውስጥ በ6 የተከበበው ደግሞ ብርቱካናማ ቀይ። አጭሩን ሞገድ ቀድሞ የሚቀበለው በካልሳይቱ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት እርሳስ ነው፤ እሱ ለማንጋኒዙ ያቀብለዋል። ይህ ማብራት ለሥራም ጠቅሟል። በማዕድን ማውጫው ዘመን ሠራተኞች ዊለማይት ከሚጣለው ድንጋይ ጋር አብሮ እየሄደ መሆን አለመሆኑን በአልትራቫዮሌት ይፈትሹ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በማዕድን ውስጥ ያለ መስመር ወይም ነጠብጣብ ሁሉ ኤክሶሉሽን አይደለም። ሙያው ራሱ በዚህ ተታልሏል። መዳብና ዚንክ በአንድነት ባሉበት ብዙ ቦታ፣ ስፋለራይት ውስጥ የቻልኮፓይራይት (መዳብ፣ ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን) ጥቃቅን ነጠብጣቦችና ዘንጎች ይታያሉ። ለረጅም ጊዜ ሲቀዘቅዝ ተለይቶ የወጣ ነው ተባለ። ሙከራው ግን ስፋለራይት ያን ያህል መዳብ በውስጡ አሟሙቶ መያዝ እንደማይችል አሳየ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ መዳብ የያዘ ፈሳሽ በኋላ ገብቶ ስፋለራይቱን በከፊል እንደተካው ነው። ስለዚህ የእርስዎንም መስመሮች መፈተሽ ያስፈልጋል። ኤክሶሉሽን ከሆኑ በአንድ ጥራጥሬ ውስጥ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ አጠገቡ ባለው ሌላ የቴፍሮአይት ጥራጥሬ ውስጥ ግን አቅጣጫው ይለወጣል። በጥራጥሬው ወሰን ላይ ይቆማሉ እንጂ አይሻገሩም። ከስንጥቅም ተነስተው አይወጡም። አረንጓዴው ጥራጥሬ አቋርጦ ካልሳይቱ ውስጥ ከገባ፣ እሱ በኋላ በስንጥቅ ውስጥ የሞላ ዊለማይት ነው።

እንዲህ ያለው ዘግይቶ የመጣ ዊለማይትም እዚያ በብዛት አለ። ከዋናው ሙቀት በኋላ ድንጋዩ ሲሰነጣጠቅ ውሃ ገባበት፤ ውሃው ያሟሟውን እንደገና በስንጥቁ ውስጥ አስቀመጠ። ብርቆቹ ማዕድናት በብዛት የሚገኙት እንደዚህ ባሉ ስንጥቆችና የተለያዩ አለቶች በተገናኙበት ዳር ነው። ፍራንክሊን ውስጥ ሃርዲስቶናይት አለ፤ የካልሲየምና የዚንክ ሲሊኬት ሲሆን ሰማያዊ ሐምራዊ ያበራል። ኤስፔራይት እርሳስ ያለበት ነው፤ ሎሚ ቢጫ ያበራል። ክላይኖሄድራይት በስንጥቅ ፊት ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ብርቱካናማ ያበራል። ሦስቱ ከዊለማይትና ከካልሳይት ጋር በአንድ ቁራጭ ላይ ሲገኙ ከማየው ሁሉ የሚያምርብኝ ያ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ሰሴክሳይት ደግሞ ስሙን ከካውንቲው የወሰደ፣ እንደ ነጭ ክር የተፈተለ ማዕድን ነው። የስተርሊንግ ሂሉ ማክጎቨርናይት በሌላ መንገድ ይገርማል። ነሐስ ቀለም ያለው ተራ ነገር ይመስላል። በውስጡ ግን የአቶሞቹ ንድፍ ራሱን የሚደግመው ከ200 አንግስትሮም በላይ ርቀት ላይ ነው (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)፤ በማዕድናት ዓለም እንዲህ ያለ ርዝመት ብርቅ ነው።

አገራችንን በተመለከተ፣ የእኛ አካባቢ ዚንክ ሌላ ዓይነት ነው። በትግራይ እንደ ተራቅምቲ ባሉ ቦታዎች፣ በኤርትራ ደግሞ ቢሻ ላይ፣ ዚንክ ከመዳብና ከወርቅ ጋር ይገኛል። የተፈጠረው ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በባሕር ውስጥ በነበሩ እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ነው። እዚያ ድኝ ሞልቷል። ስለዚህ ዚንኩ በስፋለራይት መልክ ነው፣ ከፓይራይት (ብረትና ድኝ) እና ከቻልኮፓይራይት ጋር። በኋላ የደረሰበት ሙቀትም ከኒው ጀርሲው በጣም ያንሳል። ስለዚህ የሚያበራ አረንጓዴ መስመር ፍለጋ ወደዚያ አይሄድም። የላይኛው ዝገታማ ክፍል ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ድኙ በዝናብና በአየር ታጥቦ ሲሄድ ወርቁ ተከማችቶ ይቀራል። ቢሻ ላይ መጀመሪያ የተመረተው ያ ወርቅ ነው። ከዚያ መዳቡ ተከተለ፤ ዚንኩ መጨረሻ ላይ መጣ።

አሁን ስለ አያያዙ። መብራቱ 254 ናኖሜትር የሚሰጥ አጭር ሞገድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በርካሽ የሚሸጡት 365 ናኖሜትር የእጅ ባትሪዎች የዚህን ድንጋይ ውበት አያወጡም። አጭር ሞገድ ዓይንና ቆዳን ይጎዳል። ልጆቹ መብራቱን ፊት ለፊት እንዳያዩ፣ ሁላችሁም አልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር አድርጉ። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያግድ ድንጋዩን መስታወት ውስጥ አስቀምጠው ቢያበሩበት ምንም አይታይዎትም። ኮምጣጤ ወይም ሌላ አሲድ አያስነኩት፤ ካልሳይቱ ይሟሟል፣ ዊለማይቱም ይጎዳል። ቤት ውስጥ አይቁረጡት፣ አይፈጩት። ከእነዚህ ቦታዎች የሚመጡ ድንጋዮች ማንጋኒዝ፣ አንዳንዴም እርሳስና አርሴኒክ አላቸው፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። በእጅ መያዝ ችግር የለውም፤ እጅ መታጠብ ይበቃል። ከየት እንደመጣም በወረቀት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። የተገኘበት ቦታ የማይታወቅ ድንጋይ ለማጥናት ብዙ አይጠቅምም።

ለልጅዎ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው። ድንጋዩን ሳትነካው፣ ካሜራውም ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ፎቶ በክፍሉ መብራት፣ ሌላ ፎቶ ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት ታንሳ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የቡናማውን ጥራጥሬ ወሰን በእስክሪብቶ ታስምር፤ ከዚያ መስመሮቹ ወሰኑ ላይ መቆማቸውን በሁለተኛው ታስተያይ። ከቆሙ፣ መልሷን በራሷ እጅ አረጋገጠች ማለት ነው። ከተሻገሩ ሁለቱንም ፎቶ ይላኩልኝ፤ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ስንጥቆቹ ይሆናል።